የኦርፋ አንደኛ ደረጃ

ኦርፋ ወላጅ አልባ ነበረች፤ ደግሞም መልስ አታጣም። በአሜሪካዋ ካንሳስ ይኼ በቂ ወንጀል ሆነና በአሥራ አምስት ዓመቷ «አእምሮዋ ደካማ ነው» ተብላ የመንግሥት ማቆያ ገባች። ደካማ አእምሮ ያን ስለታም ምላስ ከየት እንዳመጣው የጠየቀ የለም። አንድ ቀን የማቆያው ሐኪም «ትርፍ አንጀትሽ ታሟል» ብሎ ሆዷን ቀደደው። አሟት አያውቅም፤ ግን የተማረ ሰው ከተናገረ ሆድ ምን ያውቃል!

ከማቆያው ስትወጣ ከብት አርቢውን ሎዌልን አገባች። ልጅ ግን እምቢ አለ። ጸለየች፣ ጎረቤት ያዘዘላትን ቅጠል ሁሉ ቀቅላ ጠጣች። ወር በመጣ ቁጥር ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

እ.ኤ.አ. በ1925 መከር ሲያበቃ ሎዌል ኮርማውን ይዞ ከኦርፋ ጋር ወደ እርሻ ትርዒት ወረደ። በአንዱ ዳስ ከብት ይመዘናል፣ በሁለተኛው አሳማ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሰው! ምርጥ ዘር ያለው ቤተሰብ ሜዳሊያ ይሸለማል። ወይ ሥልጣኔ!

«ነይ እንግባ» አላት ሎዌል፤ «ኮርማችን ካሸነፈ እኛ ምን አነሰን?»

«ተው አንተ ሰውዬ! ጥርሴን ሊቆጥሩኝ ነው?»

ግን ገባች። ሐኪም ካለ ልጅ ያጣሁበትን ምክንያት እጠይቀዋለሁ ብላ ነው።

ዳኛው ዶክተር ሃርግሬቭ ራስ ቅሏን ለካ፣ ዓይኗን መረመረ፣ የብልሃት ጥያቄ ደረደረላት። ሁሉንም መለሰች፤ አንዱንም ጥያቄ አረመችለት።

«እንከን የለብሽም! አንደኛ ደረጃ! ስንት ልጆች አሉሽ?»

«አንድም የለኝም፣ ዶክተር።»

«አታፍሪም? አንቺን የመሰለች ሳትወልድ ውዳቂ ዘር እንደ ጥንቸል ይፈላል! አገር የሚያጠፋው የእናንተ ስንፍና ነው!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

«እኔም እኮ እርስዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለችና ከመጋረጃው ጀርባ ጠባሳዋን አሳየችው። «በማቆያው ትርፍ አንጀቴን አወጡልኝ። እሱ ይሆን እንዴ?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ድምፁ ቀንሷል።

«ይኼ ትርፍ አንጀት አይደለም። አምክነውሻል። ይኼን የምናደርገው… በአእምሮ ደካሞች ላይ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ውጤትሽ ግን አይነካም፤ ሜዳሊያው ያንቺ ነው።»

«ዶክተር» አለች ኦርፋ፣ ጠባሳዋን እየሸፈነች፣ «ኮርማ ስታኮላሹ እንኳ ባለቤቱን ትጠይቃላችሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። ሎዌል ደረት ላይ ተደፍታ «ልጄን! ልጄን!» እያለች አነባች።

ሐኪሙ እጁን ታጠበና የሚቀጥለውን ቤተሰብ ጠራ።