ደረቴ ላይ የተለጠፈው ሴንሰር

ጥር ፲፮ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ፤ ጂንካ። ሐኪሟ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ በግራ ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ። መሣሪያዋ የልቤን ምት ያለ ሽቦ በኪሴ ወዳለው ስልክ ትልካለች። ሦስት ቀን ተሸክሜያት፣ የምሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ በደብተር እንድጽፍ ታዘዝሁ። ትእዛዙ አልከበደኝም፤ ሳልታዘዝም እጽፋለሁና።

ነገሩ የመጣው ከሁለት ሳምንት በፊት አልዱባ ገበያ ላይ ራሴን ስቼ በመውደቄ ነው። ባለቤቴ በዚያው ዕለት የሞተር ብስክሌቴን ቁልፍ ደበቀች። ዳግመኛ ገበያ መውጣት አለመውጣቴን እንግዲህ ይህች መሣሪያ ልትወስን ነው።

ባለቤቴን «የልብ ምት መዝጋቢ» እንድትላት መከርኋት። እርሷ ግን «ይህን ብዬ እስክጨርስ ይመሽብኛል» ብላ «ሴንሰር» ማለትን መረጠች። ረቡዕ ጠዋት በአጥር ላይ፣ ደረቴ ላይ ሴንሰር እንዳለ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ነገረችው። ሰውየው በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ስለ ነበር የሰማው «ካንሰር» ነው።

ቀትር ላይ የሰፈሩን የጸሎት ኅብረት አስከትሎ ግቢያችን ገባ። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ ፓፓያ አወርዳለሁ። እንድወርድ በለሆሳስ ለመነኝ፤ አንዲት አሮጊት ግን ልቅሶውን ጀምራለች። ባለቤቴ ነገሩን ስታስረዳቸው፣ መሰላሉን እንደ ያዝሁ ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ልብስ ሰፊው መሰላሉን ከታች ደግፎ ያዘልኝና፣

«ጋሼ፣ ጸሎቱን መንገድ ላይ ጨርሰነዋል፤ አይመለስም። ለልብዎ ይሁን» አለኝ።

ፓፓያውን አብረን በላን። በደብተሬም፣ «ስድስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት፣ ሳቅ» ብዬ ጻፍሁ።

ዓርብ ዕለት ሐኪሟ ኮምፒውተሯን ተመልክታ፣ «አባባ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ ልብዎ ጋልቧል። ምን ነካዎት?» አለችኝ። ደብተሩን ገልጬ አሳየኋት፤ አንብባ ሳቀች። ያሳሰባት ሌላ ነበር፦ ሐሙስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ የምቱ መስመር ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቷል። እኔ በዚያ ሰዓት ተኝቼ ስለ ነበር የጻፍሁት የለም። ምርመራው እስኪደገም ሞተር እንዳልነዳ፣ ከሰው ኋላ ተፈናጥጬ ግን ገበያ እንድሄድ ፈቀደች።

ባለቤቴ ቁልፉን ለልብስ ሰፊው ሰጠችው። በቀጣዩ ገበያ በገዛ ሞተሬ፣ ከእርሱ ኋላ ተቀምጬ አልዱባ ወረድሁ።

የሐሙሱ መስመር የጠፋው ከልቤ ይሁን ከስልኩ፣ በሁለተኛው ምርመራም አልታወቀም። ልብስ ሰፊው ቁልፉን ሲመልስላት ባለቤቴ የት እንደምታኖረውም እስካሁን አልደረስሁበትም።