ነጭና ቀይ አመድ በአንድ ገንዳ

ዛሬ ጠዋት ቡራዩ ያለው ቤቴ በር ላይ አንድ ሲኖትራክ ቀይ አሽ ዘርግፎ መውጫ አሳጣኝ። ሾፌሩን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ልጁ ስልኩን አወጣና፣ «አባባ፣ ያዘዘኝ ሰውዬ ጋ ልደውልና ከእሱ ጋር ይነጋገሩ» አለኝ። ደወለ። የእኔው ኪስ ጮኸ። ለካ ትናንት ለወጥ ቤቱ ወለል ብዬ ያዘዝኩት እኔው ነኝ! ልጁ ሳቁን ሲውጥ እኔ ጎንበስ ብዬ ከክምሩ እፍኝ ዘገንኩና መመርመር ጀመርኩ። ሳፍር ባለሙያ መምሰል የቆየ አመሌ ነው።

ያ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ቀይ ድንጋይ መዳፌን ሲቆረቁረኝ ጀማል ትዝ አለኝ። ደሜም ፈላ።

ያኔ ሁለታችንም ጎረምሶች፣ ሱሉልታ አካባቢ ባለ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበርን። የእሳተ ገሞራ አመድ ተፈጭቶ ሲሚንቶ ላይ ቢጨመር ወጪ ይቀንሳል ተባለ። የትኛው አመድ ይሻላል? አለቃችን ኦቦ ቶሎሳ ለእኔ በሰበታ አልፎ ከተጂ መንገድ የመጣውን ቀዩን አሽ፣ ለጀማል ድንጋይ ሆኖ ሳለ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ነጩን ሰጡን።

«ከሲሚንቶ ጋር አቡክታችሁ እንደ ጡብ ያለ ኩብ ሠርታችሁ አምጡ፤ የማን እንደሚጠነክር መጭመቂያው ማሽን ይነግረናል» አሉ። «ቋሚ መደብ ያለኝ አንድ ነው። ሁለታችሁንም አላስቀርም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ከጫንጮው ጀማል ጋር ዓይንህን ለአፈር ተባባልን። እኔ ወንፊቱን እደብቃለሁ፤ እሱ እኔ ስመዝን ጠብቆ ያፏጫል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና እኔ ሽሮዬን ስለቀልቅ እሱ ሆን ብሎ አጠገቤ ጥብሱን እያንጫጫ ይበላል። እኔም ረመዳን እስኪደርስ ቂሜን አስቀመጥኩ።

በሳምንቱ የመጀመሪያዎቹን ኩቦች ማሽኑ ተጫናቸው። የእኔው ገና በቅጡ ሳይነካ ፈረሰ።

«የሰበታው፣ ይሄ ሲሚንቶ ነው በሶ?» አለ ጀማል።

«አመድ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። ወሩ ይድረስ!»

«አንተም ዘግይቶ ነው የሚገባህ።»

የቀሩት ኩቦች ወሩ እስኪሞላ በአንድ ገንዳ ውኃ ውስጥ ተነክረው መቆየት ነበረባቸው። ኩብ ሳይጠነክር ከደረቀ አለቀለት። ፋሲካ ሲቃረብ ግን ገንዳው ማፍሰስ ጀመረ፤ ቧንቧውም ተሰበረ። እኔ ለበዓል ሰበታ ወረድኩ። እናቴ የሠራችውን ዶሮ ወጥ እየጎረስኩ እንኳ፣ በሐሳቤ ጀማል ኩቦቼን አንድ በአንድ እያወጣ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። ማግስቱን በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ በእንጦጦ ዳገት ሲያቃስት እኔ ስድቤን እየመረጥኩ ነበር።

ደርሼ ሳይ ጀማል ሱሪውን ሰብስቦ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ ከወንዝ ተሸክሞ ይመጣል። ሰላምታ የለ፣ ኮሌታውን ያዝኩት።

«ኩቦቼን የት አደረስካቸው?»

«ልቀቀኝ! ሂድና ቁጠራቸው!»

ሄድኩ። ሁሉም ውኃ ውስጥ ነበሩ።

«ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለ ትከሻውን እያሸ። «የእኔ እንዳይደርቅ ነው። ውኃውን መለየት ብችል ለይቼብህ ነበር። ኢድ ሲመጣ ውኃ የመሸከሙ ተራ ያንተ ነው፤ ትሰማለህ?»

በወሩ የእኔ ቀይ ማሽኑን አስቸገረው። የእሱ ነጭ ቀድሞ ተሰነጠቀ። መደቡ ለእኔ ሆነ። ጀማል ቱታውን መሬት ላይ ወርውሮ፣ እኔን ሳያይ በበሩ ወጣ።

አሁን ሱሉልታ ውስጥ ብሎኬት ያመርታል። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ፣ «ነጩ ውኃ ይጠጣል፤ ሲቦካ ውኃ አብዝቼበት ነው እንጂ አታሸንፈኝም ነበር» ይለኛል። እኔም «በጉራህ ነው የተሸነፍከው» እለዋለሁ። ሊያስተዛዝኑ የመጡ ሰዎች ይታዘቡናል። አሁንም አልወደውም፤ እሱም እኔን ይወደኛል ብዬ ራሴን አላታልልም።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ይኖራል። ውኃውን መለየት ባይችል፣ ኩቦቼን በአንድ እጁ አንስቶ ሜዳ ላይ መጣል ይችል ነበር። ማንም አያየውም፤ መደቡም የእሱ ይሆን ነበር። ሊያሸንፈኝ የፈለገው በማሽኑ ፊት ነው መሰለኝ። እንዲህ ያለ ጠላት ደግሞ ለመጥላት አይመችም፤ እኔ ግን ጎበዝ ስለሆንኩ ችዬበታለሁ።

ፋብሪካውን ጥሎ የሄደው ኢድ ሳይደርስ ነው። እስከ ዛሬ አንድ የኢድ ተራ አለብኝ።