ጆሮ የማይሸፍነው ቆብ

አጎቴ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ። ወደ መንዝ ይዘውት የተመለሱት ነጭ ክብ ቆብ ጆሮ አይሸፍንም። «ከግንባሩ ጥላ ያለው የመኮንኖቹ ነው፤ ይህ የእኛ የተራዎቹ ነው» ይሉ ነበር። እኛ የበግ ጠጉር ቆባችንን እስከ ቅንድባችን ስበን እንስቅባቸዋለን። ልጃቸው ብቻ አይስቅም፤ ነጩን ቆብ ደፍቶ ስለ ባሕር ይጠይቃቸዋል።

አምና ልጁ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ። በአገራችን ደንብ ሬሳው ያልተገኘ ሰው ልብሱ ተይዞ ይለቀስለታል። አጎቴ ልጁ የሚወደውን ያንን ቆብ ይዘው ለቀስተኛው መሃል ቆሙ።

አንዱ ጎረቤት፣ «የመርከበኛ ልጅ እንዴት ውኃ ይበላዋል?» አለ። ላንቀው ዳዳኝ።

አጎቴ ግን ቆቡን እያዩ መለሱለት፦ «ስለ ባሕር ያላወራሁለት የለም። ዋና ግን በዚህ ደጋ የት ላስተምረው?»