ፊደሎቹ የሰመጡበት ዕለት

በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ ፍራንክፈርት ላይ ዛፎቹ ቅጠል በለበሱበት ሰሞን፣ የጽዋ ማኅበራችን ታላቅ ከሆስፒታል ወጡ። አራት ወር ታመው ነበር። እማማ ነው የምንላቸው። ቦናመስ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ሳለሁ የመጀመሪያውን ቴርሚኔን፣ የመንግሥት ቢሮ ቀጠሮዬን፣ ያስያዙልኝ፣ ቢሮውም ድረስ አብረውኝ ሄደው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ቤታቸው ከገቡ በኋላ ግን ሰው አልፈልግም አሉ። ስንደውል «እኔን ተዉኝ፤ ያለቀልኝ ሰው ነኝ» ይሉናል። በስንት ልመና ለእሑዱ ማኅበር እመጣለሁ አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያን ቀን ፊታቸው ካልተፈታ ዳግመኛ ከቤት እንደማይወጡ ሁላችንም ገብቶናል።

ሥራ ተከፋፈልን። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ጠላ፤ ለእኔ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ጽሑፍ ደረሰኝ። በብርዱ ወራት የማታ ኩርስ ገብቼ ፎቶ በኮምፒውተር ማስተካከል ተምሬ ነበር። ከተማርሁት ሁሉ የወደድሁት ፊደል ከወረቀቱ ተነሥቶ የቆመ ማስመሰልን ነው።

ረቡዕ ፍሉግሃፈኑን፣ አውሮፕላን ማረፊያውን፣ ከማጸዳበት የጠዋት ሺፍት ስመለስ ላፕቶፑን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ከፈትሁ። አማትቤ ጀመርሁ። «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት» ብዬ በትልቁ ጻፍሁ። የሚቀጥለው ለፊደሎቹ ውፍረት መስጠት ነው። ጠርዛቸው በአንድ ወገን ይበራል፣ በሌላው ይጨልማል፤ ዓይን በዚያ ይታለልና ፊደሉ ወጣ ያለ ይመስለዋል። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ የሚወስነው ሠሪው ነው። እንደ ሰዓት ያለች ክብ አለች፤ በውስጧ ያለችውን ነጥብ ወደፈለጉበት መጎተት ነው። እኔ ከታች፣ የሰዓት ስድስት ቁጥር በሚሆንበት አደረግኋት። ብዙም አላሰብሁበትም። ጧፍ የሚበራው ከሥዕሉ ግርጌ ነው፤ የቅዱሳኑ ፊት ከታች ሲበራ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ጀርባውን የቤተ ክርስቲያን ደረጃ የመሰለ ግራጫ እብነ በረድ አደረግሁት። ከላይ መስቀል፣ በግራና በቀኝ ነጭ አበባ። አምሮ ታየኝ። ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ላለው ማተሚያ ቤት በኢሜይል ላክሁና ተመስገን ብዬ ሽንኩርት መክተፍ ያዝሁ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ገባች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቦርሳዋን ሳታወርድ ስክሪኑን አየች።

«ማማ፣ ቬር ኢስት ገሽቶርበን?» ማን ሞተ ማለቷ ነው።

«ኧረ ሟርተኛ! የእማማ ነው፤ እንኳን ማረዎት ነው የሚለው።»

«ግን እኮ የመቃብር ድንጋይ ነው! ፊደሎቹ ድንጋዩ ውስጥ ገብተዋል።»

«የምን ውስጥ? ወደ ውጭ ነው ያወጣኋቸው!»

«ነይ እዚህ ቁሚ። ራቅ ብለሽ እዪው።»

በሩ ጋ ቆምሁ። ደነገጥሁ። ስሠራው ስለዋልሁ ዓይኔ ያሰብሁትን እንጂ የሆነውን አያይም ነበር። ከበሩ ሲታይ ፊደሎቹ በመሮ የተቆፈሩ ናቸው። ግራጫ ድንጋይ፣ መስቀል፣ አበባ። «ያለቀልኝ ነኝ» ለሚሉ ሴት የመቃብራቸውን ድንጋይ አዘጋጅቼላቸዋለሁ።

ማተሚያ ቤቱ ደወልሁ። «ነገ ጠዋት ነው የምናትመው፤ ከዚያ በፊት ሌላ ይላኩ» አለኝ ሰውየው። እመቤቴን አመሰገንኋት።

ልጄ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ፀሐይ ከየት ነው የምትመጣው፣ ማማ?»

«ከላይ።»

«አልዞ! እንግዲያው ከላይ እናምጣት።» ነጥቧን ይዛ ወደ ላይ ጎተተቻት። ፊደሎቹ ባንድ ጊዜ ብድግ አሉ። እነሱን የነካቸው የለም፤ የዞረው ብርሃኑ ብቻ ነው። ሁለታችንም ሳቅን።

ግራጫውን በቢጫ ለወጥሁ፣ ፊደሎቹን ቀይ አደረግሁ። የጽሑፉን ቅጂ ጠቆር አድርጌ፣ አንዱን ካንዱ በጥቂቱ ዝቅ እያደረግሁ ከሥር ደራረብሁት። ፊደሎቹ ተነፍቶ የወጣ ዳቦ መሰሉ።

«አበባውስ?» አለች ልጄ።

«አበባው ይውጣ። መስቀሉን ግን እንዳትነኪ።» በዚያው ማታ አዲሱን ለማተሚያ ቤቱ ላክሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማማ በሁለት ሴቶች ተደግፈው አዳራሹ ገቡ። ከስተዋል። ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ቀስ እያሉ ተጠጉ፤ ከፊደሎቹ አንዱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ምነው፣ ልሙጥ ነው እንዴ?»

«አዎን እማማ፣ ወረቀት እኮ ነው።»

«አታላይ! እኔ ደግሞ ምርኩዜን ልሰቅልበት ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም እስኪያስላቸው ሳቁ። ልጄ ይህን ስታይ አላስቻላትም፤ የመቃብሩን ድንጋይ ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

«እሱንም አታጥፊው» አሉኝ እማማ። «ጊዜው ሲደርስ ሁለተኛ እንዳትደክሚ።»

ከዳቦው ሁለቴ አስጨመሩ። ልንነሣ ስንል «የሚመጣው ወር ተራው የማነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነበር፤ ግን ይረፉ፣ እኛ እንተካዎታለን።»

«ማን ዕረፍት ጠየቀ? ቤቴ ትመጣላችሁ። ይሄን ወረቀት ግን አምጪልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

በልቤ ተመስገን አልሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሺፍት አልነበረኝም። ወረቀቱን ጠቅልዬ ቦናመስ ሄድሁ። እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «ወደ ቀኝ፤ ትንሽ ከፍ፤ ኧረ ተጣመመ!» እያሉኝ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀልሁላቸው።