ከሳቁባት መካከል

ዛሬ ተማሪዬ ስልኳን እያሳየችኝ «ቲቸር፣ እርስዎም እኮ ስቀውብኛል» አለችኝ።

ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ አባቷ ሲቀበር ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ አንዱ ቀርጿት፣ የእስክስታ ዘፈን ጨምሮበት ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። አሁን ክፍል ስትገባ ልጆቹ ደረታቸውን እየደቁ ይቀበሏታል። ትምህርቷን ልታቆም ነው።

ትናንት «ቪዲዮውን ከስልክሽ እንዳታጠፊው፤ የሳቁብሽን ሁሉ ስክሪንሾት አንሺና አምጪልኝ፣ አብረን እንከሳለን» ብያት ነበር። ምክር ላይማ ማን ብሎኝ!

አመጣችው። ፊቷን ነጠላ ሸፍኖት ስለነበር ሳላውቃት፣ ባለፈው ሳምንት የሳቅ ምልክት ተጭኜበት ኖሯል። ስሜ ሦስተኛው ስክሪንሾት ላይ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ነገ አብሬያት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ ስሜ ያለበትንም ገጽ አላስቀረውም።

እስኪ እናንተም የሳቃችሁባቸውን ቪዲዮዎች ተመልሳችሁ እዩ፤ ማንን አገኛችሁ?