የበር ሳንቃ ገበጣ

አናጢ ቤት የገባሁ ዕለት መሮ የሚያስጨብጠኝ አላገኘሁም። አለቃዬ ጋሽ ፈንቴ ጉጠት ሰጡኝና ከፈረሰ ቤት የመጣ የሳንቃ ክምር አሳዩኝ። «ሚስማሩን ነቅለህ ሳትጨርስ መላጊያ እንዳታስነካው» አሉኝ። ሲመሽ መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

ዛሬ ጋሽ ፈንቴ የሉም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወንበሩም ቁም ሳጥኑም ተሠርቶ ያለቀው ከአዲስ አበባ ተጭኖ ይመጣል። ለእኔ የተረፈኝ የሚፈርስ ቤት እንጨት ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ ለማገዶ የሚገዙት ይቀድሙኛል። መጋዜን እየሞረድኩ ሥራ የምጠብቅበት ቀን ይበዛል፤ እንዲህ ያለው ቀን ደግሞ አይመሽም።

አምና እማማ አትጠገብ የቤታቸውን የበር ሳንቃ በባጃጅ አስጭነው መጡ። ቤታቸው ለመንገድ ሥራ ፈርሶ ኪራይ ቤት ገብተዋል። ባለቤታቸው አባባ ይስማው ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የሚበሉትም እማማ ሲለምኗቸው ብቻ ነው።

«ገበጣ አድርግልኝ ልጄ» አሉኝ። «ዕድሜያችንን ስንጫወት ነው የኖርነው። ገበጣ ካየ ይናገር ይሆናል።»

ሳንቃው ወፍራም ዋንዛ ነበር። ሚስማሩን ነቅዬ በመላጊያ አስተካከልኩት፤ ከዚያ ጉድጓዶቹን በመሮ መቆፈር ነው። ጉድጓዱ ከጠበበ የሽማግሌ ጣት ጠጠሩን አያፍስም፤ ስለዚህ ኪራይ ቤታቸው ሄጄ የአባባን ጣቶች ለካሁ። እጃቸውን ሰጡኝ እንጂ ቀና ብለው አላዩኝም።

ከሳንቃው ዳር ቀዳዳ ነበረ፤ ከውጭ ጣት አስገብተው መቀርቀሪያውን የሚስቡበት። በእንጨት ልወትፈው ስል እማማ «ተወው፣ ማስታወሻ ይሁነን» አሉኝ።

ያስረከብኩ ዕለት እማማ ጠጠሩን ደልድለው ገበጣውን ባለቤታቸው ፊት አስቀመጡ። አባባ ጠጠሩን አልነኩም። ዳር ዳሩን ሲዳስሱ ጣታቸው ቀዳዳውን አገኘው። አስገብተው ወደ ጎን ሳቡ። ደግመው ሳቡ።

«አትጠገብ» አሉ፤ «ማን ቀረቀረው? ክፈችልኝ እንጅ፣ በረደኝ።»

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። የጠበቁት ድምፅ መጣ፤ የሚከፈት በር ግን የለም። እኔም መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ሱቄ ድረስ መጡ። «ድፈንልኝ ልጄ። ሲጎትት ይውላል፣ ክፈችልኝ ሲለኝ ያድራል፤ እኔ ከየት አምጥቼ ልክፈትለት?» አሉኝ። ቀዳዳውን በዋንዛ ወትፌ በኮላ አጣበቅኩት፤ በብርጭቆ ወረቀትም አለሰለስኩት። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ቦታው እንኳ አይታወቅም።

አባባ በጣታቸው ቢፈልጉት አጡት። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።

የፈረሰ ቤት እንጨት የደረቀ ነው፤ አይጣመምም፣ ሥሩበት። የበሩን ሳንቃ ግን ለሌላ ሰው ሥሩበት እንጂ ለባለቤቱ አትመልሱለት።