ኪስ ውስጥ ያለው እጅ

ሙያውን ያስተማረኝ ግልገል በለስ ጥገና ቤት የነበረው ሰው ነው። ብዙ አይናገርም፤ የሚናገራትን ግን እስክትሰለች ይደጋግማታል። «ሁለት እጅ ለሰላምታ ነው፤ ለቴሌቪዥን አንድ ይበቃል» ይላል። የድሮውን፣ ከኋላው ሆዱ የተቆዘረውን ቴሌቪዥን ከፍቼ ስሠራ ግራ እጄን ከኪሴ ካወጣሁ ክንዴ ላይ የካቻቢቴ እጀታ ያቀምሰኝ ነበር። ምክንያቱን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው። አንዱ እጅህ ኮረንቲ ያለበትን ነክቶ ሌላው ብረቱን ከያዘ፣ ኮረንቲው የሚያልፈው በደረትህ ነው፤ ደረትህ ውስጥ ደግሞ ልብህ አለ።

አሶሳ መጥቼ የራሴን ጥገና ቤት ስከፍትም ይቺ ልማድ አልለቀቀችኝም። ዛሬ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ቀጭኑን ስለሚገዛ የድሮው የሚመጣልኝ አልፎ አልፎ ነው። ይዘውት የሚመጡት ደግሞ ግትር ሰዎች ናቸው። እኔም ግትር ነኝና እንስማማለን። እጄ ሥራ ውስጥ ሳለ ግን አላወራም፤ የሚያናግረኝን ሰው ላለመገላመጥ ራሱ ብዙ እታገላለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የሌላ ሰው የድሮ ቴሌቪዥን ከፍቼ እየሠራሁ ሳለ የሰፈራችን ሐጂ መጡ። ሐጂ የአገሩ ተወላጅ በርታ ናቸው፤ ሰሊጥና ማንጎ ሲነግዱ ኖረው አሁን ያረፉ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው። ከኋላቸው ጋሪ የሚገፋ ሰው ቴሌቪዥናቸውን ይዞ ቆሟል።

«አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ድምፅ አለ። ምስል የለም። አንድ መስመር ብቻ፣ ነጭ።»

በአንገቴ ብቻ እጅ ነሳሁና «ሐጂ፣ አንዴ ይታገሱኝ» አልኳቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸው ግራ እጄ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ሽማግሌ ቆመ፤ አንተ እጅ ኪስ ውስጥ? ባለጌ!»

ወጉን አላጣሁትም። ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋልህ ብድግ ብለህ፣ ዝቅ ብለህ፣ በሁለት እጅህ ትጨብጣለህ። ግን መናገር ስጀምር ሐጂ ዞረዋል፤ ጋሪውም ዞሯል። የሐጂ ኩርፊያ ሁለት ቀን አይሞላም ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ ተናድጄ ነበር።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መብራት ሄደ። ሱቄን ገርበብ አድርጌ ከፊት ለፊቴ ሻይ ወደምትሸጠው ሴትዮ ተሻገርኩ። ገና ሳልቀመጥ ሳቋን ለቀቀችው።

«ሐጂን አስቀይመሃቸዋል አሉ! አሁን ከባጃጅ ሾፌሩ ካቻቢቴ ተውሰው ሄዱ። እስካሁን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ብቻ ሲያዳምጡ ነበር፤ እንግዲህ መብራት ሄዷል፣ ራሴ እከፍተዋለሁ፣ ምን ያደርገኛል ብለው።»

ሻዩን ሳልቀምስ ተነስቼ ሮጥኩ።

እኛ ጋ መብራት በየጊዜው ስለሚሄድ አምፖል የሚቀየረው፣ ገመድ የሚቀጠለው፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚነካካው መብራት ሲሄድ ነው። ለአምፖሉ ይሁን። የድሮ ቴሌቪዥን ግን መብራት ሄዷል ብሎ አይምርህም። ምስሉ የሚታይበት መስታወት ኮረንቲውን አጠራቅሞ ይይዛል፤ ከጠፋም በኋላ ይቆያል። ድምፁ እየተሰማ አንዲት ነጭ መስመር የሚያሳይ ቴሌቪዥን ደግሞ መስታወቱ በኮረንቲ የተሞላ ነው። ይህ አልበቃ ብሎ መብራቱ በማንኛውም ደቂቃ ሊመጣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ግን የሐጂ ጨዋነት ነበር። ውሃ ሲቀበሉ በሁለት እጅ፣ ዳቦ ሲሰጡ በሁለት እጅ። ይህንንም ነገር በሁለት እጃቸው ከያዙት አለቀላቸው።

እየሮጥኩ እራገማለሁ፤ ሐጂን፣ ካቻቢቴ ያዋሰውን ሾፌር፣ ጫማዬን የሚይዘውን ቀይ ጭቃ። የቀርከሃ አጥራቸው ጋ ስደርስ ከቤት ውስጥ ሐጂ «ያ ሳቲር!» ብለው ፈጣሪያቸውን በጩኸት ሲጠሩ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም።

እንዴት በሩ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም። ባለቤታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመዋል፤ ሐጂ ፍራሹ ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ካቻቢቴው ከበሩ ሥር ወድቋል። መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ከግድግዳው ነቀልኩ። ከዚያ ፊታቸውን ለማየት ፈራሁ።

«መብራት የለም» አሉ ሐጂ። «ግን መታኝ!»

እንደተበደለ ሰው ነበር የሚናገሩት። አጠገባቸው ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ ሌላኛው እጅዎ የት ነበር?»

ወደ ታች አዩ። እኔም አየሁ። ግራ እጃቸው ጀለቢያቸው ኪስ ውስጥ እስከ አንጓው ገብቷል።

«ኪስ ውስጥ። አንተ እንደዛ ነው የምትሠራ።»

«ባለጌ ብለውኝ አልነበር እንዴ?»

«መጀመሪያ ባለጌ አልኩ። መንገድ ላይ አሰብኩ። ይሄ ልጅ ባለጌ አይደለም፣ ሁልጊዜ ሰላም ይላል። እንግዲህ ሥራው ነው እንደዛ የሚሆን።»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ፤ አላፈርኩም። ባለቤታቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እኔ «ተመስገን» አልኩ። ሐጂ ቀኝ እጃቸውን እያሻሹ ሁለታችንንም ታዘቡን። ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ትንፋሻቸው ደህና ነው። ከጠዋት ጀምሮ ይዤው የነበረው ንዴት የት እንደገባ እንጃ።

ገና ባለቤታቸው ያመጡልንን የከርከዴ ሻይ ሳንቀምስ ውጭ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። ከራሳችን በላይ አምፖሉ በራ። ሐጂ አምፖሉን አዩ፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ሶኬት አዩ። ለካ እስካሁን አልለቀቅኩትም ነበር።

ሶኬቱን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ብድግ አልኩና፣ ዝቅ ብዬ ቀኝ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«አሁን ሰላም አልከኝ» አሉ።

እጃቸው ሞቃት ነበር። ለመልቀቅ አልቸኮልኩም።